ሰርጌ ቀርቷልና አትምጪ

ይድረስ ከእናታችን ቀጥላ ላሳደገችኝ፣ ባሕር ተሻግራ ለራቀችብኝ ለታላቅ እህቴ ለሉፔ።

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ባለፈው የወይን ማሸጊያው ቤት ቅዝቃዜ ጣቶቼን አላጥፍ አለኝ ብለሽ ነበር፤ እሱስ ተሻለሽ ወይስ ያው ነው? የባለቤትሽ ወገብስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ በእኛ ቋንቋ ሲያናግሯት አሁንም ትስቃለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። አባባ ደህና ነው። ጥርሱ ቢያስቸግረውም ሐኪም ቤት ውሰዱኝ አይልም። የቦዬው ማሳ ተተክሎ አልቋል፤ ዝናቡም ዘንድሮ አልከፋም። ጣሪያው አሁንም በዚያው በጓዳው በኩል ያፈሳል።

ይህን ሁሉ በስልክ ለምን አልነገረችኝም እንዳትዪ። የቤታችንን ስልክ ታውቂዋለሽ፤ አባባ ድምፁን ከፍ ያደርግና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። በእሱ ላይ "እንደምን አደርሽ" ከማለት ሌላ የሚወራ ነገር የለም። ለለቀማ ወደ እናንተ የምትመጣው ጎረቤታችን ማሊያ ሰኞ ስለምትበር ደብዳቤውን በእጇ እሰጣታለሁ። ማሊያ ወሬ ብትወድም ማንበብ አትወድም።

እህቴ፣ እንግዲህ ልንገርሽ። የኦክቶበሩ ሰርግ ቀርቷል። ተላለፈ ማለቴ አይደለም፤ ቀርቷል።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ከቪሊያሚ ጋር ከተጫጨን አራተኛ ዓመታችን ነው። አንቺ የምታውቂው የጀልባ ሞተር ሲጠግን፣ እጁ በግራሶ ጠቁሮ ነው። አሁንም እጁ ያው ጥቁር ነው፤ ብቻ የሚያጠቁረው የእናንተ አገር አፈር ሆኗል። ሁለታችንም የፈለግነው ትንሽ ሰርግ ነበር። አርባ ሰው፣ ሁለት አሳማ፣ የሰፈሩ መዘምራን፣ በቃ። ከቤታችን በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ ከዛፍ ልጥ የተቀጠቀጠ ጨርቄ ተነጥፎ፣ የእናታችንን የወገብ ሰሌን ታጥቄ፣ በቀኜ አባባ በግራዬ አንቺ ሆናችሁ ጨርቁን እየረገጥን ስንሄድ ይታየኝ ነበር። ልጆች ማስተማሬን ትቼ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ የቆምኩበት ቀን ብዙ ነው። አንዷ ተማሪዬ "መምህርት፣ ዛሬም ሰርግሽን እያየሽ ነው?" ብላ አስቃብኛለች።

"ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" እንዳይሆንብኝ ብዬ ጨርቁን ከሁለት ዓመት በፊት ጀመርኩ። መቼም በእኛ አገር ልጥ ብቻሽን አትቀጠቅጪም፤ ወንፈል ነው። የሰፈሩ ሴቶች በእኔ ጨርቅ ላይ እንጨታቸውን እንዲያነሡ እኔ መጀመሪያ በእነሱ ጨርቅ ላይ ማንሣት ነበረብኝ። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ጨርቅ ስቀጠቅጥ ከረምኩ። ተራዬ ሲደርስ ሁሉም መጡ። እንጨቱ ሲወርድ፣ ሲዘፈን፣ እኔ ላይ ሲቀለድ፣ "ባሏ እስኪመጣ እጇ ይሻክራል፤ እጅ የሚነካ ባል ካገኘች!" ሲሉኝ፣ እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጨርቁ ሲያልቅ ከቤታችን ርዝመት አልፎ ጓሮ ወጣ።

ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጃንዋሪ ላይ አክስት ፉሲን ልጠራት ሄድኩ። የአባታችን ታላቅ እህት ናትና በሰርጋችንም በቀብራችንም ራስጌ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ ያማራትን ጨርቅ ብድግ ብታደርግ ከልካይ የላትም። ያኔ ባሏ ጋሽ ፔኒ ታሞ ተኝቶ ነበር። አሳዘነችኝና "አክስቴ፣ ሰርጉ ትንሽ ስለሆነ ምንም ይዤ ልምጣ ብለሽ አትጨነቂ፤ እንዲያው ሰውነትሽን ይዘሽ ነይልኝ" አልኳት። ከአንጀቴ ነበር ያልኩት። እሷ ግን ማራገቢያዋን አስቀመጠች። "ልጄ፣ ሳልጠራ የሄድኩበት ሰርግ አለ። ተጠርቼ ባዶ እጅሽን ነይ የተባልኩበት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። የወንድሜ ቤት ምን ያህል ቢያንስ ነው ከእኔ የሚቀበለው ያጣው?" አለችኝ። ይቅርታ ብል፣ ብንበረከክ፣ ነገሩ ከአፌ ወጥቷል። አንቺ ብትሆኚ እንዲህ አትናገሪም ነበር። እኔ ጎመን በጤና ያልኩ መስሎኝ በአክስታችን ክብር ላይ ቆምኩበት።

በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ገብቷል። አባባን ታውቂዋለሽ። እህቱ በፊት ለፊት በር ስትገባ እሱ በጓሮ የሚወጣ ሰው ነው፤ ለክብሯ ሲል አብሯት አንድ ክፍል ውስጥ የማይቀመጥ እንዴት ብሎ እንቢ ይላታል? "ሰርጉ በሃያ አሳማና በአንድ በሬ ይሆናል፤ እህቴም ራስጌ ትቀመጣለች" ብሎ በሽማግሌ ላከባት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሳያየኝ፣ "ሉፔም ሰርግ የላትም" አለ። ይችው ናት የተናገራት። አልወቅስሽም እህቴ፤ አንቺ በሰው አገር እንዳገኘሽው አገባሽ፤ ፎቶም ላክሽልን። ግን ላንቺ ያልተደገሰው ድግስ እኔን ሲጠብቀኝ እንደኖረ ያን ቀን ገባኝ።

እኛ ሃያ ካረድን የቪሊያሚ ቤትም ሃያ ማረድ አለበት። የእናቱን ቤት ጣሪያ አውሎ ነፋሱ ከወሰደው ወዲህ በሸራ ነው የሚኖሩት፤ ከሥሩ አራት ተማሪ ታናናሾች አሉበት። ፌብሩዋሪ ላይ ለወይን ለቀማ ተመዝግቦ ወደ እናንተ መጣ። በአውሮፕላን ማረፊያው "አንድ ለቀማ ነው፤ ወይኑ ሲያልቅ እኔም እመለሳለሁ" አለኝ። እኔም አመንኩት። እሱም ራሱን አመነ።

ከድጡ ወደ ማጡ የገባነው ሜይ ላይ ነው። ጋሽ ፔኒ ሞተ። እንኳን ቅሬታ ኖሮብን እንዲሁም ቢሆን በእህት ባል ቀብር ላይ ወንድም ባዶ እጁን አይቆምም። በሦስተኛው ቀን አባባ መጣና የመኝታ ቤቴ ደፍ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ስጪኝ አላለኝም። ቢለኝ እንቢ እል ነበር፤ ስለማይለኝ ነው ያልቻልኩት። ራሴ ተነሥቼ ሳጥኑን ከፈትኩና ጨርቄን አወጣሁለት። ያኔ "ተባረኪ" አለኝ። ለሰርጉ ያደለብናቸው አሳማዎችም በዚያው ሄዱ። በቀብሩ ቀን ያ ሁሉ ሴት የቀጠቀጠው ጨርቅ ከሬሳው ሥር ተነጥፎ አየሁት። ሴቶቹም አዩት። አንዷ እጄን ጨብጣ ቆየች። አክስት ፉሲም አቀፈችኝና "አሁን የወንድሜ ልጅ ሆንሽ" አለችኝ። እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ለጋሽ ፔኒ አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰስኩም። ያለቀስኩት ለሌላ ነው።

ጁን ላይ የቪሊያሚ እናት እትዬ ሴይኒ መጣች። ከደጅ ጀምራ እያለቀሰች ነው የገባችው። "ልጄ፣ የምጠላሽ እንዳይመስልሽ፤ ካንቺ የተሻለች ምራት ከየት አመጣለሁ? ግን የአባትሽን ድግስ የሚመጥን ይዘን ካልቆምን ልጄ ዕድሜ ልኩን በአባትሽ ደጅ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ይዘን እንቁም ካልን ደግሞ እነዚህ ልጆች በሸራ ሥር ያድጋሉ" አለችኝ። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። ሻይ አፍልቼ አጠጣኋትና እስከ መንገዱ ሸኘኋት።

ቪሊያሚ ትምህርት ቤት ደውሎ ይህን ስነግረው ተቆጣ። እሱ ሲቆጣ ሰምተሽ አታውቂም፤ እኔም አላውቅም ነበር። "አካኔሲ፣ የማገባው አንቺን ነው ወይስ የአክስትሽን አሳማ? ኦክቶበር ላይ እመጣለሁ፤ ቄሱ በሳሎናቸው፣ በሁለት ምስክር ያጋቡን" አለኝ። እሺ አልኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰው ሆኜ ነበር። አንቺንም ነይ ብዬ የጻፍኩት በዚያ ሳምንት ነው። ሌላው ይቅርና በዚያ ሳሎን ውስጥ አንቺ ከጎኔ ከቆምሽ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ቄሱ ግን ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጥሩ ሰው ስለሆኑም ለአባባ ነገሩት። አባባ አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ የወገቡን ሰሌን አጥብቆ፣ ኔያፉ ከተማ ወረደ። ሲመለስ የቫኒላውን መሬት ለሃያ ዓመት ሊያከራየው ከአንድ ነጋዴ ጋር እንደተነጋገረ ነገረኝ። "ልጄ እንደ ሌባ በሰው ሳሎን አታገባም። ሃያ አሳማ ብያለሁ፤ ሃያ አሳማ ነው" አለ። ያ መሬት ከሄደ አባባ በሰባ ዓመቱ ምን ይበላል? ጠዋት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? ያለ ቫኒላው አባባን አስቢው እስቲ።

ሦስት ቀን አሰብኩ። ትንሹ ሰርግ አባባን በእህቱ ፊት ይገድለዋል። ትልቁ ሰርግ እሱንም የቪሊያሚንም እናት ይበላል። ሰርግ ከሌለ ግን ማንም አይዋረድም፣ ምንም አይሸጥም። የሚቀረው የእኔ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቫኒላውን ሲያስር ማሳው ድረስ ሄድኩና "አባባ፣ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፤ አላገባም። መሬቱን ተወው" አልኩት። "በኔ ምክንያት ነው?" አለኝ። "አይደለም፤ ቪሊያሚ እዚያው ቀርቶብኛል" ብዬ ዋሸሁት። ቀና ብሎ አየኝና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ አብረን ወደ ቤት መጣን፤ ከሜይ ወዲህ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም፤ ጎደሬው ሁለት ጊዜ ተጨመረለት። እህቴ፣ ደስ አለው። አባቴ ደስ አለው። ይህን ከአንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ እሱንም አትንገሪው።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የምትኖሩት አንድ ከተማ ነውና እሁድ ከጸሎት በኋላ ቪሊያሚን ለብቻው ጠርተሽ ንገሪው። እኔ ብነግረው እጠብቅሻለሁ ይለኛል፤ እሱ እጠብቅሻለሁ ካለኝ ደግሞ እኔ አምነዋለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም እናረጃለን። ስለዚህ ከእኔ አፍ አይስማው። እህል ውሃችን አልቋል በይው። ደሞዙ የእናቱን ጣሪያ ይሥራበት። ቢቆጣ ይቆጣ፤ ቢያለቅስ ግን እባክሽ ብቻውን ትተሽው አትሂጂ። እንዴት እንደሆነም አትጻፊልኝ።

አንቺም አትምጪ። አውቃለሁ፣ ለትኬቱ ስንት ቀን ተጨማሪ ሥራ እንደሠራሽ፤ መልሰሽ ለልጆቹ አድርጊው። ሰርግ በሌለበት መጥተሽ ሳይሽ የምሆነውን አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሳላይሽ ኖሬአለሁ፤ አሁን ባይሽ ሁሉንም እተርካለሁ፣ አባባም ይሰማል። ሌላ ጊዜ፣ ምክንያት ሲገኝ ትመጫለሽ። ምክንያቱ ምን እንደሚሆን ግን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሱን ያርቅልን።

ለባለቤትሽ ወገብህን እግዜር ይማርልህ ብላለች በይልኝ። ትልቁን ልጅ ግንባሩን ሳሚልኝ። ትንሿን በሁለት ጉንጯ ሳሚና አክስትሽ ናት በያት፤ አክስት ምን እንደሆነች ግን አሁን አታስረጂያት። አባባ ብዙ ሰላም ብሎሻል፤ ይህን ስጽፍ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቫኒላ እየለየ ያፏጫል። አክስት ፉሲም ሰላም ብላሻለች፤ ደህና ናት። ማሊያ ስትደርስ እንዳታስርቢያት።

ለቪሊያሚ ሰላምታ አልላክሁም። ብልክለት ተስፋ ያደርጋል።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
አካኔሲ

ቫቫኡ፣ ኦገስት 19 ቀን 2023