ስለ «ኢምፕሩቭመንት» ትርጉምና ስለ ሁለቱ የባሕር ዛፍ ግንዶች

ለተከበሩ ኦቦ ጃራ፣
የሠፈራችን የመንገድና ድልድይ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሱሉልታ

አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጃራ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቶችዎና የመሥሪያ ቤት መኪናዎ ሁላችሁም በጤና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነና እጄም ስለሚዘገይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ነገር ግን በጽሕፈት ቤትዎ አቆጣጠር ዘጠኝ ቀን ማለት ገና ወንበር መሳብ ስለሆነ እንደ ፈጣን ጸሐፊ እንዲቆጥሩኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ስሜ ተረፈች ቦሩ ነው። ከወንዙ በዚህ በኩል የምኖር ገበሬ ነኝ። ልጄ ላሊሴ የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች፤ ከወንዙ በዚያ በኩል ባለው መቃብር ካረፈች የፊታችን ኅዳር ዐሥራ ሰባት ቀን ልክ አንድ ዓመት ይሞላታል። ለሙት ዓመቷ የምናቆመው ሐውልት ተጠርቦ፣ ስሟም ተጽፎበት ግቢዬ ውስጥ ተጋድሟል። ዶሮዎቼ ይተኙበታል። ጎረቤቴ እናትነሽም በርበሬ ላስጣበት ወይ ብላ በጨዋነት ጠይቃኛለች። ድንጋዩ ወደ ባለቤቱ ያልሄደው ወንዙን መሻገር ስላልቻለ ነው።

እንደሚያውቁት ባለፈው ጥር ሠራተኞችዎ መጥተው የእድራችን ሰዎች ያጋደሟቸውን፣ ሰውም አህያም ሬሳም ሲሻገርባቸው የኖሩትን ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ነቅለው ወሰዱ። በምትካቸው ሰሌዳ ተከሉልን። በሰሌዳው ላይ የድልድይ ሥዕል አለ፤ በድልድዩም ላይ አንዲት ፈረንጅ ሴት ነጭ ውሻ እየሳበች ትሻገራለች። ዘጠኝ ወር ጠበቅናት፤ አልመጣችም። በዘጠኝ ወር ሌላው ፍጥረት ወልዶ ክርስትና ያስነሣል። ከሥዕሉ በላይ ያለውን ትልቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለቅሜ አነበብኩት፤ «ኢምፕሩቭመንት» ይላል።

ላሊሴ ለተማሪዎቿ አዲስ ቃል ስትሰጥ፣ አምስት ተመሳሳይ ቃል ፈልጋችሁ ለእያንዳንዱ ምሳሌ ጽፋችሁ ኑ ትላቸው ነበር። ምሳሌ የሌለው ቃል ባዶ ጆንያ ነው፣ ቢያቆሙት አይቆምም ትል ነበር። እኔም የቤት ሥራዬን እዚያው ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ እየተመላለስኩ ሠርቻለሁና እርማትዎን በትሕትና እጠብቃለሁ።

1ኛ. ማሻሻል። ይህን ያገኘሁት ከእንግዳ ተቀባይዋ ከወይዘሪት ሐኒ ነው። ከስልኳ ቀና ሳትል፣ የተሻለ ማድረግ ማለት ነው እማማ አለችኝ። ከምን የተሻለ ስላት ከነበረው አለች። የነበረው የት አለ ስላት የምሳ ሰዓት ደረሰ። ምሳሌ፦ ድልድያችን እጅግ ከመሻሻሉ የተነሣ በዓይን አይታይም።

2ኛ. ማዘመን። ይህን የነገሩኝ መሐንዲሱ አቶ ባርናባስ ናቸው። ጊዜ ሰጥተው ስላነጋገሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዘመናዊ ሰው በግንድ አይሻገርም አሉኝ። ታዲያ በምን ይሻገራል ብዬ ብጠይቃቸው፣ በጥናት ብለው መለሱልኝ። ጥናቱ መቼ ያልቃል ብላቸው ደግሞ እሱም እየተጠና ነው አሉ። ምሳሌ፦ እኛ የዘመንን ሴቶች ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን በውኃው ውስጥ እንሄዳለን።

3ኛ. ማስዋብ። በግንቦት ወር ማስዋብ ነው ብላችሁ በወንዙ ዳር ያሉትን ድንጋዮች ኖራ ቀብታችሁ አበባ ተከላችሁልን። ምሳሌ፦ ስለ አበባው ላሜ ምስጋናዋን እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች። የተከላችሁት ማክሰኞ ነበር፤ እሷም ጨዋ ስለሆነች እስከ ረቡዕ ታግሣለች።

4ኛ. ማሳደግ። ይህን ቃል ምክትልዎ ናቸው በስብሰባ ላይ ያስተማሩን። በክረምቱ ሲያድግ ያየሁት ወንዙን ብቻ ነው። በአስፋልቱ ዞረን እንዳንሄድ ደግሞ በዚያኛው መንገድ ለዕድገት የቆፈራችሁት ቦይ አለ፤ ሦስት ቦታ ላይ መንገዱን ይቆርጠዋል። ሬሳ ተሸክመን መዝለሉን ለምደነዋል፤ ጋሪ ግን አይዘልም። ባለፈው ሳምንት ባለጋሪው ኦቦ ሚልኬሳ ሐውልቱን ጭኖ ወንዙን በውኃው ሊሞክር ወርዶ ነበር። ፈረሱ ሰሌዳው ፊት ቆመ፤ ረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ከዚያ ማንም ሳይመራው ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ኦቦ ሚልኬሳ፣ ይሄ ፈረስ ከኔ በላይ ተምሯል ብሎ እስካሁን ለሰው ሁሉ ያወራል። ምሳሌ፦ በሠፈራችን የፈረሶች የትምህርት ደረጃ አድጓል።

5ኛ. አምስተኛውን ከእናንተ ዘንድ ስላጣሁ በላሊሴ መዝገበ ቃላት ፈለግሁት። በእርሳስ አስምራበታለች። ማገገም፣ ከሕመም መሻል ይላል። «ኢምፕሩቭመንት» የሚለውን ቃል ለካ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሐኪም ቤት በተኛች ጊዜ ሐኪሙ ሰኞ ዕለት ተናግሮታል። እሷም ፈገግ ብላ፣ እማዬ፣ ሐኪሙ ተሽሏታል እያለሽ ነው ብላ ተረጎመችልኝ። ሐሙስ ዐረፈች። ሐኪሙን አልተቀየምኩትም፤ ሰኞ ዕለት እውነትም ሾርባ ጠጥታ ነበር። ለዚህኛው ምሳሌ አልጻፍኩም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በመጣሁ ቀን ግንዶቻችንን አገኘኋቸው። በግቢው ውስጥ በአጥሩ ጥግ ተጋድመዋል፤ ሠራተኞችዎም ጠዋት ጠዋት ተቀምጠውባቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከድልድይነት ተነሥተው በመንግሥት ሥራ ስለ ተቀጠሩ እንኳን ደስ ያላቸው። ዝናብ እንዳያበሰብሳቸው ብሎኬት ላይ ስላስቀመጣችኋቸውም አመሰግናለሁ፤ ለመቀመጫ የተደረገው ጥንቃቄ ለመሻገሪያም ይበጃል።

እኔ አዲስ ድልድይ አልጠየቅሁም። ሰሌዳውም ይቁም፤ ሴትዮዋም በፈለገችው ጊዜ ከነውሻዋ ትምጣ። ኅዳር ዐሥራ አምስት ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የእድራችን ሰዎች ከኦቦ ሚልኬሳ ጋር ግንዶቹን ለመውሰድ ይመጣሉ። ሌቦች እንዳይመስሏችሁ ቀደም ብዬ በጽሑፍ ማሳወቄ ነው። ለክቡርነትዎ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት የተቀመጡት ሁሉ ከግንዱ ላይ እንዲነሡልን። ባይነሡም ችግር የለም፤ ሠላሳ ሰዎች ስለምንሆን ከነተቀመጡበት እናነሣቸዋለን፤ ወንዙንም በዚሁ አጋጣሚ ያዩታል። የልጄን ድንጋይ ሳላቆም ሁለተኛ ዓመቷን አላስጀምርም።

ለሰጡኝ አራት ቃላት፣ ለወሰዱብኝም ዘጠኝ ወራት ምስጋናዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ከጉልበቴ በታች ርሼ አቀርባለሁ።

ታዛዥዎና አክባሪዎ፣
ተረፈች ቦሩ
(የመምህርት ላሊሴ እናት)

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ስለ ኅዳር ዐሥራ አምስቱ ለመነጋገር የእድራችንን መዝገብ ሳገላብጥ ስምዎን ተራ ቁጥር ሠላሳ አራት ላይ አገኘሁት፤ ለካ እርስዎም የእኛው ነዎት። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ አይቀሬው ቀን ሲመጣ ግን የምንሸከምዎ እኛው ነን። ጥናቱ እስከዚያ ካላለቀ ቦዩን ሦስት ቦታ መዝለል ግድ ይሆንብናልና ሳጥኑ ጠንካራ እንጨት እንዲሆን፣ ምስማሩም እንዳይሰሰትበት ለቤተሰብዎ ከአሁኑ ቢነግሩልን።