አቶ ምሰሶና ክቧ ምልክት

አባባ፣ እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸን ሁለተኛው ያሆዴ፣ ዘመን መለወጫችን፣ መጥቶ አለፈ። በሬ ታርዷል፣ ዘመድ ከሌሞ በጋሪ መጥቷል፣ እኔም ከሰው ጋር በልቻለሁ። ምን ምን እንዳለ ብትጠይቀኝ ግን አላውቅም።

ቤቱ ደህና ነው። የተከልከው እንሰት ደርሶ እማዬ ቆርጣ ፋቀችው፤ በቦታው ሌላ ተክላለች። መጋዝህን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። እኔ አሁንም ታይፕ እመታለሁ፣ እዚያው አንተን ያባረረው መሥሪያ ቤት።

የሠራኸውን የችሎት አዳራሽ መቼም አትረሳውም። ከአዲስ አበባ የመጣው ፕላን ከመሃሉ ምሰሶ የለውም፣ አናጢው ከራሱ አምጥቶ ገተረው ብለው አስወጡህ። ዳኛውን ከከሳሽ፣ የጃንሆይን ሥዕል ከሕዝብ ጋረደ ተባለ። ፕላኑን ጠቅልለው ቆለፉበት። ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ሥራ የሰጠህ የለም። ሆሳዕና ገበያ ስንወጣ «አቶ ምሰሶ!» ሲሉህ ኮፍያህን ዝቅ ታደርግ ነበር። እሳት ዳር ስትቀመጥ አመዱ ላይ አራት ማዕዘን ትስልና መሃሉ ላይ በጣትህ ክብ ታደርጋለህ። ወረቀቱ ላይ ክብ ነበረች፣ በዓይኔ አይቻለሁ ትላለህ። ከእማዬ በቀር ያመነህ አልነበረም።

ሰሞኑን አዳራሹ ይታደስ ተባለ። አዲሱ መሐንዲስ ምሰሶውን ማንሳት ስለፈለገ የድሮውን ፕላን ከመዝገብ ቤት እንዳወጣለት አዘዘኝ። አይጥ የበላው ወረቀት ውስጥ ስፈልግ ዋልኩ፤ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ዘረጋሁት። አባባ፣ ክቧ አለች! ልክ አመድ ላይ እንደምትስላት፣ ከመሃል ቁጭ ብላለች።

መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። ልቤ እንደደነዘዘ ጎንበስ ብዬ አየኋት። ከጎኗ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። አንተ ያኔ ፊደል አልቆጠርክም፤ ማንበብ የተማርከው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ፋኖስ መስቀያ» ይላል። መብራት የሚንጠለጠልበት ቦታ ነው እኮ፣ አባባ። የእኛ ሰው ግን ከቤት መሃል ክብ ሲያይ ከምሰሶ ሌላ ምን ሊታየው ነው? መሃሉ ባዶ የሆነ ቤት መቼ አይተህ ታውቅና!

ለእማዬ ነገርኳት። እንሰቷን መፋቅ ሳታቆም፣ አልዋሸም እኮ አለች።

መሐንዲሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲያይ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ሁሉ ያረፈው ባንተ ምሰሶ ላይ ነው። ይኼ ከተነሳ ቤቱ ይወርዳል ብሎ ተወው። በማግስቱ ምሰሶው ላይ ሚስማር ተመታና ፋኖሱ እሱ ላይ ተሰቀለ። ይኸው ፕላኑ ባዘዘው ቦታ ላይ ይበራል። የከተማው ሰው አሁንም ምሰሶውን ዞሮ ያልፋል፣ ያማርራል።

ዛሬ ከአንጋጫ ለጉዳይ የመጣ ሰው ግንባሩ ከምሰሶው ሊላተም ለጥቂት ተረፈና፣ ማነው ይኼን እዚህ የገተረው ብሎ ተቆጣ። አባቴ ነው አልኩት። ስትቀበር እንኳ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ፤ ሰውየው ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ወደፊትም ለጠየቀኝ ሁሉ፣ እንባው ቢመጣም ባይመጣም፣ አባቴ ነው እላለሁ።

ልጅህ