ከሐዘን ቤት የምትሸጥ መኪና

ጥር 13

ብርድ። የጉና ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቴን አደነዘዘው፤ መርፌ መያዝ አቃተኝ። ሦስት የተማሪ ሸሚዝ ብቻ ጨረስኩ። የአንዱን ኪስ ገልብጬ ሰፍቼ መልሼ ፈታሁት።

ማታ ላይ ትሕትና ከዩኒቨርሲቲ ሥራዋን ጨርሳ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። ነገር ሲኖራት እንዲህ ናት ልጄ።

«እማ፣ እቁቡ ወጣልኝ።»

«እሰይ!»

«ካንቺው ጋር ጨምረን መኪና እንግዛ።»

ሳቅሁ። አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ታሳየኝ ጀመር። ቪትዝ፣ ፕላትዝ፣ ኮሮላ... ሁሉም ከጃፓን የመጡ፣ ሁሉም ሃያ ዓመት ያለፋቸው።

«ባንክ ያስቀመጥነው በየዓመቱ ያንሳል። መኪና ግን ዋጋ ይይዛል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህማ ጭራሽ ብሶበታል።»

«ሰው ሲያረጅ ይረክሳል፣ መኪና ሲያረጅ ይወደዳል በይኛ።»

«እዚህ አገር አዎ።»

«በመብራት የሚሄዱት መኪኖች ሲበዙስ?»

«ደብረ ታቦር መብራት እስኪረጋ ድረስ ቪትዝ ትነግሣለች፣ እማ።»

እውነቷን ነው። ግን ኮሮላችን ከተሸጠች ወዲህ ስለ መኪና ማሰብ ትቼ ነበር። ትቼ ነበር?...

ጥር 16

ደላላው ሲሳይ ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ ደወለ። እሱ ዘንድ ያልነጻ መኪና የለም። «የሐኪም ናት»፣ «ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልሄደች»፣ «ቀለሟ የፋብሪካ ነው»። ትሕትና ድምፁን ከፍታ ታሰማኛለች።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለርስዎ እኮ ነው የምደክመው!»

«ለኮሚሽንህም ትንሽ ድከም እንጂ» ስለው ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

አራተኛው ላይ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንበሳሜ አንዲት ቪትዝ አለች አለ። ባልየው ካረፈ ወር አልሞላውም፣ ሚስቲቱ ለተዝካሩ ልትሸጣት ነው።

«ከሐዘን ቤት ስለሆነች ክርክር የለም፣ መካኒክ የለም። የተባለውን ሰጥቶ መውሰድ ነው። ሐዘንተኛ ፊት ጎንበስ ቀና እያሉ መኪና መመርመር ነውር ነው፤ ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። አልጠማኝም ነበር።

ጥር 17

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመቴ ካለፈ በኋላ ነው፣ ከትሕትና የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ። ከዚያ ወዲህ ያላነበብኩት ወረቀት የለም፣ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን። እዚህ ደብተር ላይም ስንቱን ጻፍኩ። አንዷን ነገር ብቻ ነው ሳልጽፋት የኖርኩት። ዛሬ ትጻፍ።

ባሌ ካሳሁን ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ኮሮላዋ ዓለም በር ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ ነበር። ባሕር ዳር ወስዶ የተሰበረውን ሻንሲዋን፣ የሥሯን ብረት፣ አስበየደው። ቀለም ተቀባች፣ አዲስ መሰለች። እኔን ግን ምንጣፉን ገልጦ ብየዳውን አሳየኝ። «ይቺ ከእንግዲህ ለኛ እንጂ ለሰው አትሆንም» አለ። በነዚሁ ቃላት።

እሱ ሲሞት እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ተዝካሩ ደረሰ። መምህር ይርጋ ሊገዟት መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ግቢው መሐል ቆሙ። ጥቁር ለብሻለሁ። ኮፈኑን እንኳ ከፍተው አላዩም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፣ እሷንም አፍረው።

«ላውቀው የሚገባ ነገር ይኖር ይሆን?»

«የሚያውቀው ካሳሁን ነበር» አልኩ።

የሟች ስም ጠራሁ። እሳቸው ስለ ጠየቁ ይቅርታ ለመኑኝ። እኔን!

በክረምቱ ከኮሮላዋ ጋር ቦይ ገቡ። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ እጃቸው ግን ከትከሻ በላይ አይነሳም፤ ከሰሌዳው ታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ ነው የሚጽፉት። ሸሚዝ ሊለኩ የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው የነገሩኝ። ብየዳው ይሁን ዝናቡ... ማን ያውቃል?

ስምንት ዓመት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም ይሉኛል፣ እኔ ጫማቸውን አያለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ «በነቢብ፣ በቃል የሠራሁት» ብዬ ጠቅልዬ አለፍኩት።

ጥር 20

አንበሳሜ ደርሰን መጣን። በወረታ፣ በሐሙሲት ዞረን ሚኒባሱ እስኪደርስ ጉልበቴ ደረቀ። የገበያ ቀን ነበር፤ በአህያና በጆንያ መሐል እየተጋፋን ገባን።

ሻጯ ዓይናለም ትባላለች። አርባ አይሞላትም። ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ቀሚስ። መኪናዋ ጓሮ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራው ሲነሳ ነጭ ቪትዝ፣ ጭረት የሌለባት። ቁልፉ ሲዞር ከውስጧ አንዲት ሴት በጃፓንኛ መናገር ጀመረች! ትሕትና ደንግጣ ዘለለች።

«ምንድን ነው የምትለው?»

«ማን ያውቅላታል» አለች ዓይናለም። «እሱ ‹እሺ እመቤቴ፣ ቀስ እላለሁ› ይላት ነበር። እኔን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅ።» ሳቀችና ወዲያው በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

እኔ የዝናብ መጥረጊያዎቹን አየሁ። በቀኝ ለሚቀመጥ ሹፌር የተሠሩ ናቸው። ጃፓኖች መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ለኛ አገር ሲባል ወደ ግራ ይዛወራል። ማን አዛወረው? እንዴት አድርጎ? ካሳሁን ቢሆን መጀመሪያ ከሥር ነበር የሚገባ።

«ከሥሯ የሚያይ ሰው...» ስል ትሕትና ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«እማ! ሐዘን ቤት ነው እኮ!»

እንደ ምንም ጠየቅሁ። «ዓይናለም፣ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ?»

«የሚያውቀው እሱ ነበር» አለች።

የራሴው ቃል። እውነቷን ይሆን? ወይስ እንደኔ? ፊቷን አየሁት... ጥቁር የለበሰ ሰው ፊት አይነበብም። እኔም ያኔ አልተነበብኩም።

ቅዳሜ ገንዘቡን ይዘን ልንመለስ ተስማማን። ትሕትና ናት የተስማማችው።

ጥር 21

ቁርስ ላይ «ከሥር ሳትታይ አትገዛም» አልኳት። ያለን የሁለታችን ገንዘብ እሱው ነው፤ ቢጠፋ ሌላ የለም። ትሕትና ተቆጣች።

«አንቺ ኮሮላዋን ስትሸጪ መምህር ይርጋ መካኒክ አመጡብሽ? አላመጡም! ራስሽ ነሽ ‹ጨዋ ሰው ናቸው› እያልሽ ያሳደግሽኝ።»

ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት። ብየዳውን፣ አባቷ ያለውን፣ እኔ ያልኩትን።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«የአባዬ ተዝካር... በዚያ ነው የተበላ?»

«በዚያ ነው።»

«ሰው ሁሉ ‹ያማረ ተዝካር ነበር› ሲል ዝም ትዪ ነበር።»

«ዝም እል ነበር።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ጥር 22

አልደወለችም።

ጥር 23

መምህር ይርጋ ቤት ሄድኩ። ለልጄ ከነገርኩ ለተበዳዩ መንገር እንዴት ያቅተኛል?

በረንዳ ላይ ፈተና ያርማሉ። ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም። እንደ ተማሪ ቆሜ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑት።

«ብየዳውን አውቃለሁ» አሉ።

ያኔ ተቀመጥኩ።

ከቦይ የወጣችውን ኮሮላ አስጠግነው ሲነዷት ቆይተው፣ የዛሬ አራት ዓመት ለወረታ ሽንኩርት ነጋዴ ሊሸጧት ሲሉ ሰውየው መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ ከሥር ሆኖ ጮኸ።

«በሰው ፊት እንዴት እንዳፈርኩ! ሳላውቅ ሌባ ልሆን። ገዢው ግን ብየዳውን አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ወሰዳት። ጥቂት አስቀነሰ እንጂ። ያም ሆኖ ከገዛሁበት በእጥፍ ነው የሄደች፤ በተሰበረ ወገቧ! የታየ ስብራት ዋጋ ይወጣለታል፣ ጥሩወርቅ። ያልታየው ነው ዋጋ የሌለው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብየዳውን አወቅሁ እንጂ አንቺ ማወቅሽን በምን ልወቅ? አንድ ቀን ‹ታውቅ ነበር› እላለሁ፣ አንድ ቀን ‹ምስኪን፣ ምን ታውቃለች› እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሰላም ስልሽ ለየትኛዋ እንደሆነ ሳላውቅ ነው።»

ትከሻቸውን ልጠይቅ ፈልጌ ቀኝ እጃቸውን አየሁ። ገባቸው።

«ይኼ ከጎማው ነው። የፊት ጎማ ፈነዳብኝ። ማለቁን እያየሁ የነዳሁ እኔ ነኝ።»

ልቤ ቀለል ሊለው ሲል...

«ብትነግሪኝ ግን አልገዛትም ነበር። ያንን አላነሳልሽም።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ዛሬ ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ውሸት ደግሞ ይበቃናል። ሌላ ቀን ነይ።»

እያለቀስኩ ወጣሁ። ግን ቀና ብዬ ነው የሄድኩት። አንድ ባጃጅ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቶብኝ አልሰማሁም። ምን ይባላል ይኼ? ደስታ አይደለም። የጠበበ ጫማ እንዳወለቀ ሰው...

ጥር 25

ትሕትና መጣች። ከኋላዋ ባለ ጋራዡ ፈንታሁን።

«እማ፣ መካኒክ ይዣለሁ። ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ለሐዘንተኛዋ የምትነግሪያት ግን አንቺው ነሽ።»

«እሺ።»

እራት አልበላችም። ሻይ ግን ጠጣች። ስኳሯን እኔ ጨመርኩላት፣ አልከለከለችኝም።

ጥር 26

ዓይናለም ፈንታሁንን በቱታው ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?»

«መካኒክ ነው» አልኩ።

«አርባው ሳይወጣ? ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ሌባ ልትሉኝ ነው?»

«የለም። ሌባዋ እኔ ነኝ።»

ነገርኳት። ጥቁሩን፣ ተዝካሩን፣ «የሚያውቀው ካሳሁን ነበር» ማለቴን። ይህን ሦስተኛ ጊዜ ስናገረው ነው፤ አሁንም አልቀለለም።

«አንቺ ታውቂ አታውቂ እኔ አላውቅም፣ ልጄ። የምታውቂ ከሆነ ዛሬ ተናገሪና ተገላገዪ። የማታውቂ ከሆነ አብረን እንይ።»

«በልጆቼ አምላክ፣ አላውቅም» አለች። ቁልፉን ለፈንታሁን ሰጠችው።

ሰሌን አንጥፎ በጀርባው ተንፏቆ ገባ። እግሩ ብቻ ቀረ።

«ሞተሯ አልተከፈተም!» ይላል ከሥር። «ሻንሲዋ እንደተወለደች ነው! እትዬ፣ የኔ ወገብ እንደሷ በሆነ!»

ከዚያ ይበልጥ ወደ ውስጥ ተንፏቀቀ።

«ምነው?» አለች ትሕትና።

«መሪዋን ሲያዛውሩ የበየዱት ብረት ተሰንጥቋል። ጥፍር ያስገባል።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ዓይናለም።

«አንድ ቀን መሪውን ሲያዞሩት ጎማው እምቢ ይላል ማለት ነው።»

ዓይናለም የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ትናንት እኮ... ወንድሜ ልጆቼን ጭኖባት ሐሙሲት ደርሶ መጣ።»

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችኝ።

ፈንታሁን አቧራውን እያራገፈ ወጣ። «ምን ለቅሶ ያስፈልጋል? የችኩል ሥራ ነው፣ በወጉ እሠራዋለሁ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ እሷን የሚሸጥ እሱ ሞኝ ነው።»

የጥገናው ወጪ ከዋጋው ይቀነስ ያለችው ዓይናለም ናት። ውሉን በእጄ ጻፍኩት። መሪዋ የተዛወረ መሆኑን፣ ብየዳው ተሰንጥቆ መገኘቱን፣ ሁለታችንም ማየታችንን። ትሕትና ከትከሻዬ በላይ ታነባለች።

«እማ፣ እንዲህ ተጽፎ የሚገዛ መኪና አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም።»

በመንገድ ላይ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች። ወረታ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

የካቲት 14

ቪትዟ ከጋራዥ ከወጣች አራተኛ ቀኗ። ሲሳይ ደወለ።

«እትዬ፣ ከገዙበት በላይ የሚሰጥ ሰው አለኝ! ዋጋ ትይዛለች አላልኩም?»

«ስለ መሪዋ ነግረኸዋል?»

«ምን ያደርግለታል እሱ?»

«እንግዲያስ አንሸጥም።»

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ የደላላ እንጀራ ሊያጠፉ ነው!»

የዓይናለም ባል ተዝካር እሑድ ነው። ጠርታናለች። በቪትዟ እንሄዳለን፣ እሷው ናት «ይዛችኋት ኑ» ያለችው።

የካቲት 28

መምህር ይርጋ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሌላ ቀን ነይ ብዬሽ ቀረሽ» አሉ።

አልቀረሁም። ሁለት ጊዜ አጥራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ይህንንም ነገርኳቸው። ሳቁ።

መኪና ሊገዙ ነው። ጡረታ የወጣ ጎረቤታቸው የሚሸጣት ኮሮላ፣ ከትሕትና በዕድሜ የምትበልጥ።

«ትከሻዬ መሬት አያስተኛኝም። ከሥሯ ገብቶ የሚያይልኝ ሰው ፈልጌ ነው።»

«ፈንታሁን አለልዎት አይደል?»

«ፈንታሁን ነገ ይመጣል። ዛሬ የፈለግሁ አንቺን ነው።»

ምን ልበል? ነጠላዬን አውልቄ መቀነቴን አጥብቄ ሄድኩ። ባለመኪናው ሰሌን ላይ ስተኛ ሲያየኝ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ስፌቱ አልበቃ ብሎ ጋራዥ ከፈቱ እንዴ!» ብሎ ግቢውን በሳቅ ሞላው። ይሳቅ። የስልኬን መብራት አበራሁና ገባሁ። አቧራ፣ የደረቀ ጭቃ፣ የዘይት ሽታ። ብረቱን ከፊት እስከ ኋላ በጣቴ እየዳሰስኩ ሄድኩ።

መምህር ከላይ ደብተር ይዘዋል።

«ግራው?»

«ንጹሕ ነው።»

«ቀኙስ?»

«እሱም... ንጹሕ ይመስለኛል።»

«ልጻፈው?»

«ትንሽ ይቆዩ» አልኩ። «ደግሜ ልየው።»

ቆዩ።