ሰባት አቡነ ዘበሰማያት

ጥቅምት 23፣ ሞጣ
የዘውድ በዓል። ክሊኒኩ ዝግ። ከተማው በሙሉ ሰልፍ ላይ፣ እኔ የክሊኒኩ ድሬሰር አልጋዬ ላይ። ከብቸና ከመጣሁ ስምንት ወሬ፤ ስምንት ዓመት በለው። ሰዓቴ ውኃ ገብቶባት ቆማለች፤ በሾፌር እጅ ደብረ ማርቆስ ልኬአታለሁ። ደብተሬ፣ ካንተ ሌላ የማወራው ጎረቤቴን መሪጌታን ብቻ ነው፤ የቅኔ መምህሩን። ከእንግዲህ መ/ታ።

ጥቅምት 26፣ 11 ሰ.
መ/ታ መጡ። ስለ ጊዜ ተከራከርን። ጊዜ ማለት ሙቀት ነው አልኩ። ሙቀት ባይኖር ሊጥ አይቦካ፣ ወተት አይረጋ፣ ሬሳ አይፈርስ፤ ታዲያ ምን አለፈ ይባላል? ሳቁብኝ። ይሄ የበረደው ሰው ፍልስፍና ነው አሉ። እሳቸው ጥላቸውን በእግራቸው ለክተው ሰዓቱን ያውቃሉ፤ ምን ቸገራቸው! እኔ ግን ያለ ሰዓት የሙቀት መለኪያውን በሽተኛው ብብት ውስጥ ሦስት ደቂቃ እንዴት ላቆይ? በሽተኛው ራሱ ሰባት አቡነ ዘበሰማያት ይድገም አሉ። ግሩም! ሞከርኩት፤ ይሠራል።

ኅዳር 4
መ/ታ አሟቸው መጡ። ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። መለኪያውን ያዙ፣ ሰባቱን ደገሙ፣ ሰጡኝ። 37 ከ3። ምንም የለብዎትም አልኩ። አስፕሪን። ማስተማር ሰልችቶዎት ነው ብዬም ቀለድኩ። አልሳቁም።

ኅዳር 9
አምስት ቀን። አልመጡም። በቀልዴ አኩርፈው ነው። ቤታቸው ሃምሳ እርምጃ አይሆንም፤ ግን እኔስ ለምን እሄዳለሁ? ይተዉት! ዛሬ ሙሉ ቀን ከአፌ የወጣው «ልብስህን አውልቅ» ብቻ። ብርድ። ቀኑ አልሄድ አለ። ሆዴ ባባ፣ እውነቴን ነው።

ኅዳር 11፣ 4 ሰ.
ሰዓቴ መጣች፣ እሰይ! ትኩሳት የያዛት አንዲት ሴት መለኪያውን ይዛ ስትደግም ለጨዋታ ያህል ሰዓት ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሰባቱን ጨረሰች። ራሴ ደገምኩ፤ ሦስት ተኩል። ለምን ተጣደፍሽ ብላት፣ ኧረ እንዲያውም ዘገየሁ አለች። አገኘሁት! የጋለ ሰው ውስጥ ጊዜ ይሮጣል። ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።
መለኪያውን አየሁ፤ 37 ከ8። መልሼ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አስያዝኳት። 39 ከ6።
ወይኔ። ያ 37 ከ3! መ/ታ።

ያው ቀን፣ 7 ሰ.
መ/ታ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። 40። አላወቁኝም። መርፌ ወጋሁ። ብቸና ደወልኩ፤ ነገ መኪና ይመጣል፣ አብሬአቸው እሄዳለሁ።
ባለቤታቸው ነገሩኝ። ይተኙ እንጂ ሲሏቸው፣ ድሬሰሩ ምንም የለብህም ብሎኛል፣ ስንፍና ነው እያሉ፣ እስከ ትናንት ድረስ እየተንቀጠቀጡ ሲያስተምሩ ሰነበቱ። ትናንት የማስተማሪያ ወንበራቸው ላይ ወደቁ። ለምን አልጠሩኝም አልኩ። እንዳታስቸግሩት፣ አይቶኛል ብለው ከለከሉ። ሴትዮዋ ደግሞ ስለመጣህ እግዜር ይስጥህ ብለው ይመርቁኛል። ምነው መሬት በዋጠኝ።
ዝም ብል ማንም አያውቅም። እሳቸውም ከዳኑ ማታ ማታ እየመጡ ይከራከሩኛል፣ እንደ ድሮው።
አይሆንም። ነፍስ ሲያውቁ እነግራቸዋለሁ፤ አልሰነፉም፣ ታመው ነበር፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ለክቼ ወደ ማስተማር የላክሁዎት እኔ ነኝ ብዬ። ከዚያ ወዲያ ባያናግሩኝም።