ከወንዙ ወዲህ

ይድረስ ለሩፋይዳ አባት፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የበረሃው ሙቀት አልጎዳህም? እኔና ልጅህ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ክረምቱም ደህና ይዟል። ስልክህን ስለማላውቀው ይህን ለዑምራ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። ባይደርስህም ግድ የለኝም፤ መጻፉ ይበቃኛል።

ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ አንተ ስትሄድ ኮረት ብቻ ቀርቶት ነበር። ዳሩ እየተናደ፣ ከብት እየረገጠው፣ ያ ሁሉ ዓሣ ድራሹ ጠፋ። ካቻምና ሸህ አሕመድኑር የሚያስተምሯቸውን ደረሶች ይዘው ተነሡ። እሳቸው ቂርኣት ሲማሩ በችግር ቀን ያበላቸው ያ ዓሣ ነው፤ ጥላና የሚሸሸግበት ሥር ካገኘ ይመለሳል ብለው ሰፈሩን ሁሉ ለመኑ። የከፈለን የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ዶማውን ይዞ ወጣ። አኻያ እየቆረጥን ውሃው ዳር ተከልን፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ዶቅማ። ሸሁ አንድ ደንብ አወጡ፦ ተካዩ አፈሩን ሲረግጥ የአንድ ሰው ስም ይጥራ። ከወንዙ ማዶ በሕይወት ላሉት፣ ከወንዙ ወዲህ ለሞቱት፤ ዛፉ ሰደቃ ይሁናቸው ብለው።

እኔ ማዶ ተሻግሬ ለሩፋይዳ ተከልሁ። እናትህ ግን አኻያቸውን ይዘው ወዲህ ቀሩና ያንተን ስም ጠሩ። ሰው ሁሉ ሥራውን አቆመ። ሸሁ መርዶ መጥቶ እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ «እናቱ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ይተዉት» አሉ። በማግስቱ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። እኔም ለቅሶህን ተቀመጥሁ። አላህ ያጽናሽ ሲሉኝ አሜን እያልሁ።

መሞትህን አምኜ አይደለም። ከጅዳ የተመለሰው የወግዲው ኸባብ፣ ሚስት አግብተህ ሁለት ወንዶች መውለድህን አስቀድሞ ነግሮኛል። ለማንም አልተነፈስሁም። እናትህ ልጄ ረሳኝ ከሚሉ ሞተ ብለው ቁርጣቸውን ቢያውቁ ይሻላቸዋል ብዬ፣ እሬት እሬት እያለኝ ዋጥሁት። በጋ በመጣ ቁጥር አኻያህን ከብት እንዳይበላው እሾህ የማጥርልህም እኔው ነኝ። አንዳንድ ቀን ነቅዬ ልጥልህ እጄን ይበላኝ ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ዓሣው መጣ። ሩፋይዳ ካንተ አኻያ ሥር ጣት ጣት የሚያካክሉ ዓሦች አይታ፣ እየጮኸች አያቷን ጎትታ አመጣቻቸው። ጎንበስ ብለው አይተው ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ። አንጀቴ አልቻለም። ልጅዎ በሕይወት አለ፣ ማዶ ይትከሉለት አልኋቸው።

ምንም አልደነገጡም። ለካ ኸባብ ከእኔ በፊት እሳቸው ዘንድ ሄዶ ኖሯል። እኔን አያነሳም ወይ ብለው ወጥረው ቢይዙት፣ ከእኔ የደበቀውን ለእሳቸው አወጣላቸው። አዲሶቹ አማቶችህ ስለ ወላጆችህ ሲጠይቁህ፣ እናቴ ሞታለች ብለሃቸዋል። «እሱ እኔን በባዶ ሜዳ ቀበረኝ፤ እኔ እንኳ ዛፍ ተክዬለታለሁ» አሉኝ። እንባቸውን ጠርገው ወደ ዓሣው ተመለሱ።

ባለፈው ጁምዓ ሸሁና ጎረቤቱ ሁሉ እንደገና ወንዙ ዳር ወረድን። ሩፋይዳ ወዲህ ካንተ አኻያ አጠገብ አንድ አኻያ ተከለች። አፈሩን ስትረግጥ ማንን እንደጠራች አልጽፍልህም። ለአማቶችህ የነገርካቸው ግን ከእንግዲህ ውሸት አይደለም፤ በዚህስ ደስ ይበልህ።

አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። አንተ ያደረግኸውን አያድርጉብህ።

ወሰላም፤
የሩፋይዳ እናት