የእኔ እንጨት፣ የሐጃ ግቢ

ረቡዕ

ክሱ ለራኩባውም ጭምር ነው። ክፍሉን እንድለቅ፣ ራኩባውን ደግሞ እንዳለ ትቼ እንድሄድ ነው። ከደጄ ፊት ያቆምኩትን የእንጨትና የሣር ዳስ፣ የስፌት መኪናዬን መጠለያ። እንጨቱን የገዛሁት እኔ፣ ሣሩን የተሸከምኩት እኔ፣ የከደንኩት እኔ።

የከሰሰኝ ዑስማን ነው፤ የአከራዬ የሐጃ ዘይነብ ልጅ። ከካርቱም ተፈናቅሎ ለመጣ ጓደኛው ክፍሉን ቃል ገብቶለታል። ጓደኛው ልጆች አሉት። ይህን ሳስብ መናደድ ያቅተኛል። ከዚያ ደግሞ እናደዳለሁ። ክረምቱ ደርሷል። ገዳሪፍ ከተማ በተፈናቃይ ሞልታለች። ብወጣ የት እገባለሁ?

የተሳሳትኩት አንድ ነገር፦ «ልቀቂ» ባለኝ ዕለት በንዴት ራኩባውን ማፍረስ ጀመርኩ። በእኛ በመተማ ዳስ ሠርቶ የተቀመጠ ሰው ሲለቅ እንጨቱን ይዞ ይሄዳል፤ ማንም ምንም አይለውም። ዑስማን ግን «ቤት እያፈረሰች ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ሮጠ። ግማሹ ፈርሷል። ግማሹ ቆሟል።

ሐሙስ

ሐጃ ሰላም አላሉኝም። ቀትር ላይ ግን አልጋቸውን እየጎተቱ መጡና ከቀረው ጥላ ሥር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጋደም አሉ። ስፌቴን ቀጠልኩ። ብዙ ቆይተው ለግድግዳው ተናገሩ።

«የከሰሰሽ እሱ ነው። እኔን ፀሐይ ነው ያባረረኝ።» ትራሳቸውን አስተካከሉ። «ደግሞ ሻይ የለም?»

ሻይ አፈላሁ። ቅር ብሎኝ ይሁን ደስ ብሎኝ አልለየሁትም።

እሑድ

ፍርድ ቤት። ዳኛውን ሁሉም «መውላና» ይላቸዋል፤ እኔም አልኩ። ውል? የለም፤ በቃል ነው የገባሁት። የዑስማን ዓረብኛ እንደ ውሃ ይፈሳል። የእኔ ይንተባተባል። በመንገድ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ «እንጨቱ የእኔ ነው» ብቻ ደጋገምኩ። ዳኛው ግቢው ድረስ መጥተው ራኩባውን ሊያዩ ነው። ማክሰኞ።

ማክሰኞ

መጡ። ከጸሐፊያቸው ጋር፣ በዚያ ሐሩር። ዑስማን እዚያው ግቢ ውስጥ ባለው በራሱ ክፍል ደጅ ወንበር አስቀመጠላቸው። ፀሐይዋ ደረሰችባቸው። ወንበሩን ሳብ አደረጉ። እንደገና ሳብ። በመጨረሻ ካላፈረስኩት ግማሽ ሥር ገቡ። ጸሐፊው ተከተላቸው። ሐጃ ቀድመው እዚያው ነበሩ። ዑስማን ብቻውን ፀሐይ ላይ ቀረ።

«ና ግባ እንጂ!» ሐጃ ጮኹበት። «የከሰስካት ሴት ጥላ ሐራም ነው?»

ጸሐፊው አፉን ያዘ። ዳኛው ሳቃቸውን ውጠው ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ጠየቁ።

«በስሜ» አሉ ሐጃ።

«ታዲያ ትውጣልኝ ብለዋል?»

«እኔ? ያፈረስሽውን መልሺ ነው የምላት። ወላሂ፣ ግማሽ ፊቴ ነደደ እኮ!»

ልጁ ውክልና የለውም። ዳኛው ክሱ እንደማይቀጥል ነገሩትና እኔና ሐጃ ውል እንድንጽፍ መከሩን። ጻፍን። አንድ ዓመት። እንጨቱ የእኔ፣ ግቢው የሐጃ፣ ጥላው የሁላችን። የመጨረሻውን ያስጨመሩት ሐጃ ናቸው።

ረቡዕ

የፈረሰውን መለስኩ። እጄ ቆስሏል፤ ደስ ይላል። የዑስማን ጓደኛ ከነልጆቹ የት ገብቶ ይሆን? መጠየቅ ፈራሁ።

ማታ ሊሆን ሲል ዑስማን በአጠገቤ አለፈ። ሰላም አልኩት። ጥቂት ሄዶ ዞረ።

«በዚያ በኩል የራኩባው ገመድ ላልቷል» አለኝና ገባ።

ሰላምታ ይሁን ስድብ እንጃ። ሄጄ ነካሁት። እውነቱን ነው፤ ላልቷል። አጠበቅሁት።