የአቶ ሰውአገኝ አድማሴ የሕይወት ታሪክ፣ በቤታቸው ስለሌለችው ቴምብርም

አቶ ሰውአገኝ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ እንኳየሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ገላው፣ በወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ በምትገኝ የገብስ አገር በጥር ወር 1939 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ታሪካቸውን የጻፍኩት የልጃቸው የአዳነ ሚስት ዓይናዲስ ነኝ። ለቀብር የመጣችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው እንድታዳምጡ እለምናችኋለሁ። መጨረሻው ላይ ከእናንተ የምፈልገው ነገር አለ።

ለትምህርት ሲደርሱ ፊደልና ዳዊት በደብራቸው ከነበሩት መሪጌታ ተማሩ። በመንደሩ ማንበብ የሚችል ጥቂት ሰው ስለነበር፣ ወታደር ልጅ ያለው ሁሉ ደብዳቤ ሲመጣለት ለእሳቸው ያስነብብ ነበር። ለድካማቸው እንቁላል ወይም ጥሬ ሲሰጧቸው እምቢ ይሉና ፖስታው ላይ ያለችውን ቴምብር ይለምናሉ። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው እያላቀቁ በዳዊታቸው ማኅደር ያስቀምጧት ነበር። እናታቸው «የሰው ልጅ እህል ይዞ ይገባል፣ የእኔው ልጅ ወረቀት ይዞ ይገባል» እያሉ ይተርቧቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውናል።

በ1952 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ከተማ መጥተው አጎታቸው ቤት ተቀመጡና ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። በ1961 ዓ.ም. ፒያሳ በሚገኘው ፖስታ ቤት ተቀጥረው ደብዳቤ በመለየትና ለባለቤቱ በማድረስ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1999 ዓ.ም. አገለገሉ። አድራሻው የተበላሸ ደብዳቤ ሲያጋጥማቸው ባለቤቱን ሳያገኙ አይተኙም ነበር። በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሽታዬ መንግሥቱ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። የወይዘሮ ሽታዬ ወንድም ያን ጊዜ ውጭ አገር ይማር ስለነበር፣ የሥራ ጓደኞቻቸው ሚስት ሳይሆን ቴምብር ፈልጎ ነው ያገባው ብለው ያሟቸው ነበር። ሁለቱም ሐሜቱን ወደውት ኖሩ። አዳነንና ፍሬን ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ወይዘሮ ሽታዬ በ2009 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አርፈዋል።

እኔ ከሳንጃ ገጠር በ2001 ዓ.ም. ወደ ቤታቸው በሙሽርነት ስገባ ፊደል አላውቅም ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ተመዝግቤ ሳፍር፣ ቴምብሮቻቸውንና አጉሊ መነጽራቸውን ፊቴ አስቀምጠው «እነዚህም ትንንሽ ናቸው፣ ግን ባሕር ይሻገራሉ፤ አንብቢያቸው» አሉኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል ከቴምብር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ነው። በየቴምብሩ ላይ ስላለ ደጋግሜ ሳነበው ለመድኩት። ዛሬ ይህን መጻፍ የቻልኩት በእሳቸው ነው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀን ውሏቸው አራዳ፣ ከልጅነት ወዳጃቸው ከሐጅ ኡዘይር ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። የዓለምን ቴምብሮች ታሪክ ከመጻሕፍት አንብበው ለሚያልፍ ለሚያገድመው ያወሩ ነበር። አውሮፕላኑ ተገልብጦ ስለታተመባት የአሜሪካ ቴምብር ያወራሉ። በሸክላ ማጫወቻ ላይ ሲያደርጓት ስለምትዘፍነው የቡታን አገር ቴምብር ያወራሉ። ከሁሉ የሚወዱት ግን የቀይዋን ታሪክ ነበር።

በፈረንጆች 1856 ዓ.ም. ጉያና በምትባል፣ ያኔ እንግሊዝ በምትገዛት አገር፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቴምብር ዘገየ። የፖስታ ቤቱ ሹም የአገሩን ጋዜጣ አታሚ ለጊዜው የሚሆን እንዲያትም አዘዙት። በቀይ ወረቀት ላይ መርከብ ያለባት የአንድ ሳንቲም ቴምብር ታተመች። አስመስሎ የሚሠራ እንዳይኖር የፖስታ ቤቱ ሠራተኞች በብዕር ፈረሙባት። ከዓመታት በኋላ አንድ ልጅ ከቤተሰቡ አሮጌ ወረቀት መካከል አገኛትና በጥቂት ሽልንግ ሸጣት። ማዕዘኖቿ ተቆርጠው ስምንት ጎን ሆናለች። ሌላ እኅት ስላልተገኘላት ዛሬ በሚሊዮን ዶላር ትሸጣለች። አንድ ጊዜ ሁለተኛ ተገኝታ፣ የመጀመሪያዋ ባለቤት የነበረ ባለሀብት ገዝቶ በሲጋራው አቃጠላት የሚል ወሬም አለ። አባታችን ይህን ሲያወሩ «ይባላል እንጂ ማስረጃ የለውም» ሳይሉ አያልፉም ነበር።

ትንሽነቷን ለሰው ለማሳየት፣ አባታችን፣ ሐጅ ኡዘይር ሻይ ቅጠል ከሚጠቀልሉበት ቀይ ወረቀት ቆርጠው ስምንት ጎን አደረጓት። መርከብ ሣሉባት። እንደ ጉያናው ሠራተኛም ዳሯ ላይ ፈረሙባትና በመስታወት ፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቀሏት። ሐጅ ኡዘይር ባዩዋት ቁጥር «የሻዬን መጠቅለያ ባለሀብት አደረግከው፤ ድርሻዬን ወዲህ በል» ይሏቸው ነበር። ቤታችን ለብዙ ዓመት በዚህ ሲስቅ ኖረ።

ሳቁ የቆመው በ2016 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ አዳነ ሳንጃ ሰሊጥ ሲያስመዝን፣ አንድ ከጎንደር የመጣ ተሳፋሪ በከተማው ስላለ አንድ ሽማግሌ ሲያወራ ሰማ። ሽማግሌው ሚሊዮን ዶላር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሽሮ ይበላል አለ። አዳነም ከሌሎቹ ጋር ሳቀ። ሰውየው ቀጥሎ የአባቱን ስም ሲጠራ ግን ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። የጉያናዋ ታሪክ ከበረንዳው ተነሥቶ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር የጉያናን ስም ጥሎ የእኛን ቤት ይዞ ነበር። አዳነ በማግሥቱ ወደ ቤት መጥቶ ፍሬሟን ከግድግዳ አወረዳት።

ሰው በሚታገትበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እኔና አዳነ ፋሲካ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ አለችን። ዓሥራ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። አባታችን በዚያ ዕድሜያቸው ከዘራቸውን ይዘው ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሷት፣ ማታም ይመልሷት ጀመር። እኔ ባጃጅ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር እጄ ላይ ያለው ዕቃ ይወድቅ ነበር።

እውነቱን ለማሳየት ያልሞከሩት የለም። የዕድራቸውን ሰዎች ቤት ጠርተው ፍሬሟን ከፍተው ወረቀቷን አስዳሰሷቸው። ሐጅ ኡዘይርም መጥተው ወረቀቷ ከእሳቸው ሱቅ የወጣች መሆኗን መሰከሩ። ሰዎቹ አዝነው ሄዱ። ከሳምንት በኋላ የሰማነው ወሬ ግን፣ ሽማግሌው ዋናዋን ደብቀው አስመስለው የሠሯትን አሳዩ የሚል ነበር። ያን ቀን አባታችን «ያለውን ነገር ማሳየት ይቻላል፤ የሌለውን እንዴት አድርጌ ላሳይ?» አሉ። ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ስለ ቴምብር አላወሩም። ሐጅ ኡዘይር ሊያስቋቸው ስለ ተገለበጠው አውሮፕላን ቢጠይቋቸው እንኳ «አረፈ» ብቻ ይሉ ነበር።

በዚህ ዓመት በመስከረም ስልክ ተደወለ። ያነሣሁት እኔ ነኝ። የማላውቀው ድምፅ፣ ሳይቆጣ፣ «ቴምብሯን አዘጋጁ፤ ልጅቷን አንነካም» አለኝ። ቀጥሎ ፋሲካ የምትለብሰውን ሹራብ ቀለም ነገረኝና ዘጋው። ለሚመለከታቸው አመለከትን። ፋሲካ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣችም። አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ ስቀመጥ «እማ፣ አንቺ በዚህ ዕድሜሽ እየተማርሽ እኔ ልተው?» አለችኝ። አባታችን ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የቆየ የልብ ሕመማቸው በጥቅምት ጠናባቸው። ሕክምና ቢደረግላቸውም ቤታቸው መሆን መርጠው ተመለሱ። ከመሞታቸው ጥቂት ቀን በፊት ያችን ቀይ ወረቀት ይዤ ቀርቤ፣ እሳት ውስጥ ልጨምራትና ይቅርብን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም ልጄ። ሁለተኛይቱ ተቃጠለች በተባለ ጊዜ ነው የቀረችዋ ዋጋ የጨመረው። አሁን ብታቃጥያት ደበቋት ይላሉ። ውድ ያደረጋት ብቻዋን መቅረቷ ነው።»

ትንፋሻቸው አጥሮ ነበር። አቶ ሰውአገኝ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አዳነ ከሳንጃ እስኪደርስ ቀብሩ ለሁለት ቀን ዘገየ። በዚህ መካከል የተናገሩት ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። ብቻዋን መቅረቷ ከሆነ ውድ ያደረጋት፣ ብቻዋን አትቅር አልኩ። ለሐጅ ኡዘይር ነገርኳቸው። ቀዩን መጠቅለያ በሙሉ ከሱቃቸው ላኩልኝና «ሰውአገኝ ይህን ቢያይ ድርሻውን ይጠይቀኝ ነበር» ብለው አለቀሱ። ፍሬ፣ ፋሲካና እኔ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እየቆረጥን ስምንት ጎን አደረግናቸው። ፋሲካ መርከቧን ሣለችባቸው። እጇ እንደ አያቷ ነው።

ይህን የሚያነብልን ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ይቁምልን። እናንተም የታደላችሁትን የሕይወት ታሪክ ወረቀት ግለጡ። በመካከሉ አንዲት ቀይ ታገኛላችሁ። አቶ ሰውአገኝ ግድግዳ ላይ ሰቅለዋት የነበረችው ልክ እንደዚህች ያለች ናት። በእሳቸው እጅ የተሠራችው ፎቶግራፋቸው ሥር ተለጥፋ እዚህ በደጀ ሰላሙ ላይ ቆማለች፤ ቀርባችሁ ዳስሷት። ሌላ የለንም፣ ኖሮንም አያውቅም። ለዓመታት የሰበሰቧቸውን ተራ ቴምብሮች የያዘውን አልበም ፋሲካ ለምትማርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጥተናል፤ ማየት የፈለገ ሄዶ ያገላብጠው።

የያዛችኋትን ወደ ቤታችሁ ውሰዷት። ግድግዳችሁ ላይ ለጥፏት። ወደ ሳንጃ የሚሄድ ይዟት ይሂድ፤ በወለቃ በኩል የሚያልፍም ለገበያተኛው ያሳያት። ስለ አያ ሰውአገኝ ቴምብር የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ «እኛም ቤት አለች» በሉት። ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው።

ፋሲካ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። ፍርሃቱ ዛሬም አለ፤ ቢሆንም ትሄዳለች። የሚያደርሷት አያቷ ዛሬ ከፊታችሁ ተጋድመዋል። በቤታችን ሁለተኛ የሌላት እሷ ብቻ ናት። መንገድ ላይ የምታገኟት ሁሉ፣ እባካችሁ፣ እስከ በሩ ድረስ በዓይናችሁ ሸኙልኝ።

አቶ ሰውአገኝ አድማሴ ልጆቻቸውን አዳነን እና ፍሬን፣ የልጅ ልጃቸውን ፋሲካን፣ ምራታቸውን እኔን፣ እንደ ወንድም የኖሩትን ሐጅ ኡዘይርንና ብዙ ወዳጅ ዘመድ ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ለጠየቃችሁን፣ በቀብራቸው ላይ ለቆማችሁ ሁሉ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን። የሰውን ደብዳቤ አንድም ሳያስቀሩ ያደረሱ ነበሩና፣ የእሳቸውንም ነፍስ አምላካችን መንገድ ላይ ሳያስቀር ከአብርሃም ዕቅፍ ያድርስልን። አሜን።